ሙያ በልብ፣ ሙያ በብራና

ዕውቀት፣ በተለይም የእጅ ሙያና የምህንድስና ዕውቀት፣ በሁለት መንገድ ሊያዝ ይችላል፤ አንደኛው በጥቂት ሰዎች ዘንድ ተሰውሮ ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከባለሙያ ወደ ታማኝ ረዳት ብቻ እንዲተላለፍ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጽፎና ተፈትኖ ለፈለገው ሁሉ እንዲደርስ መተው ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ለመጀመሪያው መንገድ «ሙያ በልብ ነው» የሚል አጭር ፍርድ ሲኖረው፣ ለሁለተኛው ደግሞ ከአነጋገር ያለፈ ተቋም አለው፤ ከነዚህም ተቋማት አንዱ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቅ፣ በጋይንት ምድር የሚገኘው ቤተ ልሔም ነው። ቤተ ልሔም የሚታወቀው በድጓ እንጂ በብረት ወይም በማሽን አይደለም፤ ሆኖም አንድ ረቂቅ ሙያ ሳይደበቅና ሳይበላሽ እንዴት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊሻገር እንደሚችል ለሚጠይቅ ሰው፣ በዚያው ዞን ከደብረ ታቦር አጠገብ ከሚገኘው ከጋፋት የመድፍ መሥሪያ ጋር አነጻጽሮ ቢያየው ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ድጓ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ፣ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው። ዜማው ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት እንደ ሠሩለት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። ምልክት የሚባለው ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚቀመጥ፣ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያዝና የት እንደሚቆረጥ ለዘማሪው የሚያሳይ ሥርዓት ሲሆን፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት በሚባሉት ስምንቱ ላይ ድርስና አንብር ተጨምረውበታል። መሐንዲሶች ይህን የመሰለውን ሥራ ደረጃ ማውጣት ይሉታል፤ የአንዱ አገር ባለሙያ የሠራውን የሌላው አገር ባለሙያ ያለ ሠሪው እርዳታ አንብቦ እንዲደግመው የሚያስችል የጋራ ቋንቋ ማለት ነው።

የምልክቱ ጽሕፈት ግን ብቻውን ዜማ አያስተምርም። ተማሪው ድምፁን ከመምህሩ አፍ መስማት፣ የሰማውን መልሶ ማሰማት፣ ሲሳሳትም መታረም አለበት፤ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን እያስቀጸለ፣ ማለትም እየመራ እያስጠና፣ ጀማሪውም በተራው ሌላውን እያስቀጸለ ዓመታት ያልፋሉ። ለዚህ ሁሉ የትምህርት ዋጋ አይጠየቅም፤ ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከትግራይም የመጣ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ የዕለት ጉርሱን እየለመነ በጎጆ ይቀመጣል። የቤተ ልሔም ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሌላ ደብር ድጓ የዘለቀ ሰው እንኳ ምስክር ሆኖ ለመውጣት፣ ማለትም ሌሎችን ለማስተማር የሚያበቃውን ማረጋገጫ ለማግኘት ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ ዜማውን ያሰማል፣ በእጁ የያዘውንም ድጓ ከቤቱ ድጓ ጋር አመሳክሮ ያርማል። እንግዲህ በዚህ ቤት የዕውቀት ግልጽነት ማለት በሩን ከፍቶ መተው አይደለም፤ የተጻፈ ቃል፣ የሚያሰማ መምህርና የሚመሰክር ፈታኝ፣ ሦስቱም በአንድነት መኖራቸው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሙያው ወይ ይጠፋል ወይ ይበረዛል። ይህ አሠራር የራሱ አጥር እንዳለው መካድ አይገባም፤ ጉባኤው ለምእመናን፣ ያውም በአብዛኛው ለወንዶች የተዘረጋ ነው፤ የቤተ ልሔም ዜማ ቀዳሚነት ማግኘቱም ቆማና አጫብር የሚባሉትን የዜማ ዓይነቶች በየራሳቸው አካባቢ እንዲወሰኑ አድርጓቸዋል። በአጥሩ ውስጥ ግን ዕውቀት የሚደበቅበት ሰው የለም።

የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ራሱ የተቃራኒው ነገር ምስክር መሆኑ ያስገርማል። ከውጭ ለሚያየው የአገሩን ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የመሰለ ክብ ቤት ነው፤ በውስጡ ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ተሰውሮ ይገኛል። ይህን ሕንፃ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና እ.ኤ.አ. በ1959 የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው ቶማስ ፓከናም የተባለ ጸሐፊ ነው። ድንጋዩን እንዲያ አስተካክሎ የጠረበውና ያጋጠመው እጅ ሙያውን የሚያስቀጥል የጽሑፍ ምልክትም ሆነ የምስክር ጉባኤ አልነበረውም፤ ስለዚህ በኋላ የመጡት ሠሪዎች በዙሪያው የጭቃና የእንጨት ክብ ቤት አቆሙ እንጂ እርሱን የመሰለ ሌላ ሕንፃ አልደገሙም። በአንድ ግቢ ውስጥ ዜማው ምስክር አለው፣ ግንቡ ግን የለውም።

ከጉባኤ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች የገበሬውን ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሲሠራ የኖረው ቀጥቃጭ ሙያውን በልቡ የያዘ ሰው ነው። ወናፉ እንዴት ሲነፋ እሳቱ ለብረት እንደሚበቃ፣ ብረቱ ምን ዓይነት መልክ ሲያወጣ ለመዶሻ እንደሚመች፣ ከዚያም በየትኛው ቅጽበት ውኃ ውስጥ ቢነከር ሳይሰበር እንደሚጠነክር የሚያውቀው በዓይኑና በጆሮው ነው፤ ከርሱ ሌላ ይህን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። የአውሮፓ የብረት ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በሙቀት መለኪያና በሰንጠረዥ ጽፈው በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩት፣ በዚህ አገር ግን ከአንድ ቤተሰብ ወናፍ ሳይወጣ ቀርቷል። ሰውየው ስስታም ስለ ሆነ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል። ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በአብዛኛው የርስት መሬት ያልነበራቸው በመሆናቸው ሙያቸው ብቸኛ ሀብታቸው ነበር፤ ያንን ሀብት ለጎረቤት ማሳየት ማለት መሬት ያለው ሰው መሬቱን በነጻ ከማካፈል አይለይም። በዚህ ላይ «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉና ከጋብቻና ከማኅበር ሲርቁ ስለ ኖሩ፣ የናቃቸው ኅብረተሰብ ዕውቀታቸውን እንዲያካፍሉት የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ሙያውን ወደ መጽሐፍና ወደ ትምህርት ቤት አላስገባውም። በጎንደር በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል ሲሄዱም እጃቸው የያዘው ሙያ አብሯቸው ተሻገረ። የባህል መድኃኒት አዋቂውም ያው ነው፤ ቅጠሉ ወይም ሥሩ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ አይሠራም ተብሎ ስለሚታመን፣ ብዙው ነገር አባት ሊሞት ሲል ለአንድ ልጅ በሹክሹክታ እስኪነገር ይጠብቃል፤ ሞት ድንገት ከመጣ ደግሞ ሹክሹክታውም አይኖርም።

ይህን የተበታተነ የቤተሰብ ሙያ በመንግሥት ደረጃ ለመለወጥ የተደረገው ታላቁ ሙከራ ጋፋት ላይ የታየው ነው። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡትንና ስብከትን ከእጅ ሙያ ጋር አጣምረው የያዙትን ሚሲዮናውያን ከሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋር ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ከነርሱ መካከል ቴዎፊል ቫልድማየርና ሳልሙለር፣ እንዲሁም ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆል ይገኙበታል። ሚሲዮናውያኑ መድፍ የመሥራት ልምድ አልነበራቸውም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ግን መድፍ ስለ ነበረ፣ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸውና እንደገና እየጀመሩ ተማሩት። ይህ ሙያ በወረቀት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ቀልጦ የሚፈሰው ነሐስ የሚገባበት የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት እንፋሎቱ ነሐሱን ይበትነዋል፣ ምድጃዎቹ የሚያስፈልገውን መጠን በአንድ ጊዜ ካላቀለጡ ደግሞ ቀድሞ የፈሰሰውና ኋላ የፈሰሰው ሳይዋሐዱ ቀርተው መድፉ በመጀመሪያው ተኩስ ይፈነዳል። የዚህ ሁሉ ልምድ መጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውና በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ የተሰየመው ሴባስቶፖል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ይህን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱንም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ጭምር እያስጠረጉ፣ በጋይንት አድርገው በዋድላና በደላንታ ደጋ አሻግረው፣ የበሽሎንም ሸለቆ አስወርደውና አስወጥተው መቅደላ አደረሱት። የመንገዱ ሥራ ብቻውን እንደ ምህንድስና ቢቆጠር የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር።

ቴዎድሮስ የፈለጉት መድፉን ብቻ ሳይሆን መድፍ የመሥራቱን ዕውቀት መሆኑን የሚያሳየው የላኩት መልእክተኛ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ላኩ፤ መልስ አላገኙም፤ ከዚህም የተነሣ ቆንስሉንና ሌሎችን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹም ማሽኖቹም ተገኝተው እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ አስቀድመው ካልተለቀቁ አይሻገሩም ስላለ ግን ከዚያ አላለፉም። እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ 1824 ድረስ የእጅ ባለሙያዎቿ ወደ ውጭ አገር ሄደው እንዳይሠሩ በሕግ ትከለክል ነበር፤ የብዙ ማሽኖችንም ሽያጭ ወደ ውጭ እስከ 1843 ድረስ አግዳ ነበር። ቴዎድሮስ የጠየቁት ነገር ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ጥሪውን ተቀብሎ የሚመጣው እንግሊዛዊ ባለሙያ በአገሩ ሕግ ወንጀለኛ ይሆን ነበር። ከነጻ ገበያ ሰባኪዎች ፊተኛዋ የሆነችው አገር፣ ራሷ ሀብት ስታከማች በነበረበት ዘመን የሙያ ምስጢርን በጠባቂ አስጠብቃ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የጋፋት ሥራ አብሯቸው አበቃ። እስረኞቹን ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዝ ጦር የተማረኩትን መድፎች ሰባበረ፤ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎችም ከጦሩ ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በዚያ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ ሞሪትስ ሆል ያፋ ላይ ሰፈረ። የሆል ሴት ልጅ የታወቀው የእንግሊዝ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት፤ ስለዚህ ከጋፋት የወጣ የዘር ሐረግ ለንደን መድረክ ድረስ ሲደርስ፣ ከጋፋት ምድጃ የወጣው ሙያ ግን ደብረ ታቦር ከተማ እንኳ አልደረሰም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋፋት ላይ የኢትዮጵያውያን ወጣቶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ወጣቶቹ ንባብና ጽሕፈት ከእጅ ሥራ ጋር እንዲማሩ ተሞክሮ ነበር። የጎደለው ፈቃድና ተማሪ ሳይሆን ቤተ ልሔም ያላት ነገር ነበር፤ የመድፉ አሠራር በአማርኛ ወይም በግእዝ አልተጻፈም፣ አንዱ ተማሪ ሌላውን የሚያስተምርበት ሥርዓት ሥር አልሰደደም፣ ያለ ፈረንጁ እርዳታ አንድ መድፍ አፍስሶ ለማሳየት የሚፈተንና የሚመሰከርለት ኢትዮጵያዊ ባለሙያ አልተዘጋጀም። ከዚህም በላይ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንደ እንግዳም እንደ እስረኛም ነበሩ፤ በግዞት የተያዘ ሰው ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ ደቀ መዝሙር ለማፍራት አይተጋም፤ በኃይል የተገኘው ዕውቀትም ኃይሉ በወደቀበት ቀን ወደቀ።

አውሮፓም ብትሆን ከምስጢር ወደ ግልጽነት የደረሰችው በአንድ ጀንበር አይደለም። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የመስተዋት ሠሪዎችን ምድጃ ሁሉ ሙራኖ ወደምትባለው ደሴት አዛውሮ፣ ሠሪዎቹ ሙያቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ ከለከለ። ያችው ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1474 ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየ ሕግ አወጣች፤ አዲስ ነገር ፈጥሮ ለመንግሥት ያስታወቀ ሰው ለተወሰኑ ዓመታት ሌላ ሰው እንዳይሠራበት ይጠበቅለታል የሚል ነበር። ዛሬ ፓተንት የሚባለው መብት ከዚህ ዓይነቱ ሕግ የተወለደ ሲሆን፣ ቃሉ ራሱ በላቲን «ግልጽ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ብዙ ሰው ፓተንትን የምስጢር መቆለፊያ አድርጎ ያስበዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፓተንት ውል ነው፤ ፈጣሪው የሠራውን ነገር በመስኩ ያለ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ አብራርቶ ይጽፋል፣ መንግሥትም በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ ተጠቃሚ ያደርገዋል፤ ጊዜው ሲያልፍ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። ዕውቀቱን መግለጥ የማይፈልግ ባለሙያ ግን ሌላ ምርጫ አለው፤ የንግድ ምስጢር ብሎ ይይዘዋል፤ ምስጢሩ ሳያፈተልክ እስከ ቆየ ድረስ ዘመን አይገድበውም፣ ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ቢደርስበት ግን የሚከለክልበት መብት የለውም።

ይህ ውል እንኳ ዕውቀትን አንቆ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1769 በፓተንት አስመዘገበ፤ ፓርላማውም መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ኮርንዎል በሚባለው የእንግሊዝ ክፍል የማዕድን ጉድጓድ ውኃ በሞተር ያስቀዱ የነበሩ ባለ ማዕድኖች ሞተሩን ለማሻሻል ቢፈልጉ በክስ ይታገዱ ነበር። መብቱ ካበቃ በኋላ የኮርንዎል መሐንዲሶች ያልተለመደ ነገር አደረጉ። እ.ኤ.አ. ከ1811 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሞተር አሠራርና በአንድ መጠን ድንጋይ ከሰል ምን ያህል ውኃ ከምን ያህል ጥልቀት እንዳወጣ በየወሩ እያሳተሙ ለሁሉም አደረሱ። የአንዱ ጉድጓድ መሐንዲስ የሌላውን ውጤት አይቶ ያፍራል ወይም ይማራል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የራሱ ውጤት ይታተማል። በዚህ አኳኋን የሞተሮቹ አማካይ ውጤት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ፤ ሪቻርድ ትሬቪቲክም በዚያው አካባቢ የተከለውን ባለ ከፍተኛ ግፊት ሞተር ፓተንት ሳይጠይቅበት ለቀቀው። ለቤተ ልሔም አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ድጓን ከድጓ ጋር አመሳክሮ ማረም ሞተርን ከሞተር ጋር አመሳክሮ ከማረም ጋር አንድ ጠባይ አለው።

የምህንድስና ዕውቀት ከሌላው ዕውቀት የሚለየው ስሕተቱ ሰው የሚገድል በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተገቢ የሆነ የሙያ ምስጢርና ተገቢ ያልሆነ ምስጢር የሚለዩበት መስመር መኖር አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ በዚህ ሞዴል ላይ ኩባንያው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋ «ኤምካስ» የሚባል የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ጨምሮበት ነበር። ይህ ሥርዓት አውሮፕላኑ አገልግሎት ሲጀምር ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም፤ አብራሪዎች ስለ መኖሩ የሰሙት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኩባንያውን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ለማታለል በማሴር ከሰሰው፤ ጉዳዩም ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ በሚያስከፍል ስምምነት ተያዘ። አንድ ኩባንያ ሞተሩን እንዴት ርካሽ አድርጎ እንደሚያመርት ቢደብቅ የሚጎዳው ተወዳዳሪውን ነው፤ መሪውን ለጨበጠው ሰው መሪው ምን እንደሚያደርግ መደበቅ ግን ከንግድ ምስጢር ወሰን የወጣ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ሁለት አስተያየት ሊኖር አይገባም።

የመንግሥት ምስጢር ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ እስኪቀመጥ ድረስ «ፕሮጀክት ኤክስ» በሚል ስም በምስጢር ሲዘጋጅ ቆይቶ ነበር፤ የአባይ ፖለቲካ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስወቅስም። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ግን ከግድቡ በታች ላሉት አገሮች ሰነዶችን ማሳየት ግድ ሆኖ፣ የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የግብፅና የሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ጥናቶቹን መርምሮ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ሪፖርቱን አቀረበ። ምስጢሩ ለጅማሬው ጠቀመ፤ ለቀጣዩ ሥራ ግን ሰነድ መግለጥ ያስፈልግ ነበር።

ግልጽነትም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሳይጻፍና ሳይመዘገብ ለሁሉም ክፍት የሆነ ዕውቀት፣ መጀመሪያ ጽፎ ላስመዘገበው ሰው ሲሳይ ሊሆን ይችላል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ተቋም ጤፍን ለማልማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት አደረገ፤ ኩባንያው ግን ከውሉ ቀደም ብሎ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ማመልከቻውም እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ሆኖ ጸደቀለት። ከፓተንቱ ፍሬ ነገሮች አንዱ ጤፉ እንደ ታጨደ ወዲያው ሳይፈጭ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጦ እንዲበስል ማድረግ ነበር። ጤፍ ከአውድማ ወደ ጎተራ ገብቶ ቆይቶ ወደ ወፍጮ በሚሄድበት አገር ላለ ገበሬ፣ ይህ ፈጠራ ተብሎ ሲነገረው ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ በመጨረሻም የሄግ ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የኔዘርላንዱን ፓተንት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ሻረው። ፍርዱ ለኢትዮጵያ ጥሩ ዜና ቢሆንም ክርክሩ የተካሄደው በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል ነበር፤ የጤፉ ባለቤት በችሎቱ ውስጥ አልነበረም።

ከጤፉ ስምምነት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኅብረተሰብ ዕውቀት የሚለውን ነገር በሕግ አስፍሮ፣ በዘሮችና በዕፅዋት ላይ የተገነባው የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍያ እንዳይወሰድ ደንግጓል። በዚህም ሕግ የባህል መድኃኒት አዋቂውና ዘር መራጯ ገበሬ ጥላ አግኝተዋል፤ ቀጥቃጩ ግን አላገኘም፤ ብረት ዘር አይደለምና። ለርሱ የሚቀርበው ሌላው ሕግ፣ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ ለፈጠራ የ15 ዓመት ፓተንት ሲሰጥ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምራል፤ የፓተንት ደረጃ ላልደረሰ አነስተኛ ፈጠራ፣ ለምሳሌ ለተሻሻለ ማረሻ ወይም ለተሻሻለ ምድጃ፣ ለ5 ዓመት የሚጸና፣ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል። ከሁሉ የሚያስገርመው የአስገቢ ፓተንት የሚባለው ነው፤ በውጭ አገር የተመዘገበና በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፈጠራን አስገብቶ ሥራ ላይ ላዋለ ሰው እስከ 10 ዓመት መብት ይሰጣል። ይህ ሕግ በ1855 ዓ.ም. ኖሮ ቢሆን ቫልድማየር ማመልከቻውን ይዞ ይቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ መብቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የተቋቋመውና አሁን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚባለው፣ አዲስ አበባ ነው የሚገኘው፤ ማመልከቻውም ንድፍና የጽሑፍ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፊደል ያልቆጠረ የስማዳ ቀጥቃጭ ሙያውን በልቡ የሚይዘው ዛሬም ከዚሁ የተነሣ እንጂ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ጽፎ የሚያስመዘግብለት ሰው የለውምና።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ባለፉት ዓመታት የያዙት መንገድ በአብዛኛው ከውጭ የገባ ማሽን ፈትቶ፣ ለክቶ፣ ንድፉን አውጥቶ ለአነስተኛ አንቀሳቃሾች ማሸጋገር ነው። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ የሚቀዳው ግን ሁልጊዜ የሩቁ ነው። የቅርቡን፣ ማለትም በወናፍ አጠገብ ያለውን ሰው ሙያ ለክቶ መጻፍ የማንም ድርሻ ሳይሆን ቀርቷል። የዋጋ ጉዳይም አለበት፤ ቀጥቃጩ የሚያውቀውን ሲናገር ስሙ በንድፉ ላይ ካልሰፈረና ከሚገኘው ጥቅም ካልደረሰው፣ መደበቁ ትክክለኛ የኢኮኖሚ ውሳኔ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1916 ዓ.ም. በታተመው የኢኮኖሚ መጽሐፉ የሕዝብ ሀብት የሚመነጨው ከዕውቀቱ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ድካሙን ዕውቀት ላለው ሕዝብ እንደሚገብር አመልክቶ ነበር። ከዚያ ላይ መጨመር የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀት ኖሮት ያልጻፈውም እንዲሁ ይገብራል።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ስሙ በራሱ ዕዳ ነው። ቤተ ልሔምም ጋፋትም በአንድ ዞን ውስጥ ናቸው፤ የኢንስቲትዩቱ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ወርደው የቀጥቃጩን፣ የሸክላ ሠሪዋንና የግንበኛውን ሙያ ከነባለቤቶቹ ስም ለክተው፣ ሥለውና ጽፈው፣ የጻፉትንም ለባለሙያው መልሰው አንብበው አሳርመው ቢያስቀምጡት፣ ከመቅደላ ማግስት ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው ሥራ ተጀመረ ማለት ይሆናል።